ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ

ሶርሳ አባቱን በሞተር ሳይክል ጭኖ ግቢው ውስጥ ሲገባ፣ ኤልሳዕ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተጋድሞ ነበር። የሞተሩ ዘይት እንዳለ ወርዶ ሳፋው ውስጥ ተኝቷል። የድሮው ፊልትሮ፣ የዘይቱ ማጣሪያም፣ ገና አሁን መፈታቱ ነው።

ኤልሳዕ ቤሌ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። የሶዶ ልጅ ነው። ሚስቱ ሰገነት ግን እዚሁ ቤሌ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ ሲጋቡ ጎጆ የወጡት ከአባቷ ከአቶ ሻንቆ ማሳ ብዙም በማይርቅ የከተማ ዳር ግቢ ውስጥ ነው። መኪናቸው ያረጀች ነጭ ኮሮላ ናት። ቀድሞ ዘይት ለማስቀየር ሶዶ ድረስ ይወስዳት ነበር። በኋላ ከስልኩ ላይ እያየ፣ የሚያውቁትን እየጠየቀ፣ እጁን እያቆሸሸ ለመደና እቤቱ መቀየር ጀመረ። የሰገነት ታናሽ ወንድም ሶርሳ ይህን ባየ ቁጥር ይስቅበታል። ጠመኔ የለመደ እጅ ቡሎን አያውቅም ይለዋል። ኤልሳዕም አብሮት ይስቅና ሥራውን ይቀጥላል፤ ቀልዱ ግን ውስጥ ውስጡን ሳይቆረቁረው አይቀርም ነበር።

የዚያን ቀን ክሪክ ብቻውን አይታመንም ብሎ የፊት ጎማዎቹን በወፍራም ጣውላ ላይ አወጣ፣ የኋላዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፣ ሞተሩን ጥቂት አሙቆ አጠፋና ከሥር ገባ። ማፍሰሻውን ሲፈታው ጥቁሩ ዘይት ተንዠቅዥቆ ወረደ። ፊልትሮው ግን እምቢ አለ። በባዶ እጁ ሞከረ፤ በጨርቅ ሞከረ። በመጨረሻ አሮጌ ቀበቶ ጠምጥሞበት ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጠመዝዘው ድንገት ለቀቀና የቀረው ዘይት እስከ ክርኑ ወረደበት። ፊልትሮውን ወደ አጥሩ ወረወረው። ይሄኔ ነው የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ግቢው ውስጥ የገባው።

ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው የአማቱን ፊት ነበር። አቶ ሻንቆ ከልጃቸው ኋላ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ላብ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል። ሶርሳ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አባቱን ደግፎ እያወረደ የሆነውን ነገረው። ከታችኛው ማሳ ዳር ተከምሮ የከረመውን የበቆሎ አገዳ ሲያነሱ ከሥሩ የተኛ ወፍራም አጭር እባብ እጃቸው ላይ ነደፋቸው፤ ከአውራ ጣታቸውና ከሌባ ጣታቸው መካከል። እባቡ አልተገደለም፤ ሾልኮ ሄዷል።

«መኪናዋን አስነሳ» አለ ሶርሳ።

«ዘይት የላትም» አለ ኤልሳዕ። «አሁን ነው ያፈሰስኩት።»

ሶርሳ ወደ ሳፋው አየ። ከዚያ ወደ ኤልሳዕ እጅ አየ።

ሰገነት ከቤት ሮጣ ወጣች። ጮኻ አላለቀሰችም። አባቷን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና መጀመሪያ አምቡላንስ ጋ ደወለች። አምቡላንሱ ምጥ የያዛትን ሴት ሊያመጣ ሩቅ ቀበሌ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም አሏት። ጠዋት የሚወጡት አውቶቡሶች ሁሉ ሄደዋል። ቀጥሎ ለአክስቷ ልጅ ለዓመለወርቅ ደወለች። ዓመለወርቅ ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ሰገነት ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጮክ አደረገችው።

የዓመለወርቅ ድምፅ የረጋ ነበር። ቁስሉን እንዳትበጡት አለች፤ ምንም ነገር እንዳትቀቡት። ታስሮ ከሆነ ፍቱት። እጃቸው ላይ ቀለበት ካለ ሳያብጥ በፊት አውጡት። ክንዱን በእንጨት ደግፋችሁ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መርዙ ይሮጣል። የመርዙ ማርከሻ እኛ ጋ አለ፣ ቶሎ አምጧቸው ብላ ዘጋች።

«በሞተር አደርሳቸዋለሁ» አለ ሶርሳ። «እኔ እነዳለሁ፣ ሰገነት ከኋላ ትይዛቸዋለች።»

«እስከ ሶዶ ድረስ?» አለ ኤልሳዕ። «መንገዱን ታውቀዋለህ። ሲያንገላታቸው ሊወድቁ ይችላሉ። አይንቀሳቀሱ ብላለች እኮ።»

«ታዲያ አንተ ዘይትህን እስክታንቆረቁር ልጠብቅ?»

ኤልሳዕ መልስ ሊሰጠው ሲል አማቱ ቀና አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው በወላይትኛ አጭር ነገር ተናገሩ፦ ሞተር ላይ መያዝ አልችልም። ሶርሳ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ግን የኤልሳዕን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየና፣ «ይህች መኪና መንገድ ላይ ብትቆም ተጠያቂው አንተ ነህ» አለው።

ሶርሳ ማሳው ላይ በሲባጎ ጠፍሮ ያሰረውን የአባቱን ክንድ ሲፈታ፣ ሰገነት ቀለበቱን ለማውጣት ታገለች። የእናቷ ቀለበት ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አቶ ሻንቆ ቀኝ እጃቸው ላይ አድርገውት አውልቀውት አያውቁም። ጣታቸው አሁን እንደ ቋሊማ ተነፍቷል። ሰገነት በሳሙና ሞከረች፤ አልወጣም። አባቷ ያቃስታሉ። ኤልሳዕ አዲሱን የዘይት ቆርቆሮ ከፍቶ መዳፉ ላይ አፈሰሰና ጣታቸውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀባው። «አባባ፣ ይቅርታዎን» አለና ቀለበቱን እያዞረ ሳበው። አንጓቸው ጋ ሲደርስ ሰውየው ጮኹ። ኤልሳዕ ሳያቆም ሳበውና ወጣ። ሰገነት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ከዚያ ኤልሳዕ ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። በልቡ የሥራውን ቅደም ተከተል ይደጋግማል፤ ማፍሰሻውን አጥብቅ፣ የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀባ፣ በእጅህ እስኪይዝ ድረስ አዙር። ጆሮው ግን በረንዳው ላይ ነበር። አቶ ሻንቆ እያስመለሱ ነው። ሶርሳ ከጎማው አጠገብ ቆሞ ከጫማው ጫፍ በቀር አይታይም፤ ያ ጫማ ደግሞ መሬቱን ይመታል፣ ይመታል። ኤልሳዕ ፊልትሮው የሚገባበትን ቦታ በእጅጌው አበስ አደረገ። ወደ ላይ ቀና ብሎ አላየም። አዲሱን አስገባ፣ አጠበቀ፣ ወጣ። ዘይቱን ከላይ ሞላ። መለኪያውን አውጥቶ ሲያየው ልኩ ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የዘይት መብራቷ በርታ ጠፋች። አጎንብሶ ከሥር አየ፤ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ከጣውላው ላይ በቀስታ አወረዳት።

አቶ ሻንቆን ከኋላ አጋድመው ጭንቅላታቸውን ሰገነት ጭን ላይ አሳረፉ። ሶርሳ ሞተር ሳይክሉን ጎረቤት ግቢ አስገብቶ ከፊት ተቀመጠ። ኤልሳዕ ከግቢው ሲወጣ ሸሚዙ በዘይት ተለውሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ከቤሌ ወደ ሶዶ መንገዱ ሽቅብ ነው። የሚያዝያ ዝናብ ማሳዎቹን አረንጓዴ አድርጓቸዋል፤ በመንገዱ ዳር ሰዎች ከብት ይነዳሉ፣ ሴቶች ጀርባቸው ላይ ሳር ተሸክመው ይሄዳሉ። ኤልሳዕ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው። ሰገነት ብቻ አባቷን በለሆሳስ ታናግራለች። የልጅነቷን ነገር ታነሳለች፤ አንድ ጊዜ ፍየሏ ጎተራ ውስጥ ገብታ ያደረገችውን። እሳቸውም አልፎ አልፎ እህ ይላሉ። ከዚያ እህ ማለቱም እየራቀ ሄደ።

«ድዳቸው እየደማ ነው» አለች ሰገነት። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

ኤልሳዕ ነዳጅ ጨመረ። መኪናዋ ዳገቱን እያጓራች ወጣች። ያኔ ነው ሽታው የመጣው። መጀመሪያ ከፊት የሚሄድ መኪና ጭስ መሰለው፤ ግን ከፊቱ መኪና የለም። በጎን መስታወት ሲያይ ከኋላቸው ሰማያዊ ጭስ እየተከተላቸው ነው። ከላይ የሚወርድ ባጃጅ አጠገባቸው ሲደርስ ሾፌሩ እጁን አውጥቶ ወደ መኪናቸው ሥር ጠቆመና አለፈ። ምናልባት የፈሰሰው ትርፍ ዘይት እየተቃጠለ ይሆናል ብሎ ኤልሳዕ ራሱን ሸነገለና መንዳቱን ቀጠለ።

በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። እንደገና ብልጭ አለች። ከዚያ በርታ ቀረች።

ኤልሳዕ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነሃል?» አለ ሶርሳ።

«ዘይቷ እያለቀ ነው።»

«ንዳት።»

«ብነዳት ሞተሩ ይደርቃል። ከዚህ ብዙም ሳንርቅ ተቆልፎ ይቀራል። ከዚያ ማንም አያስነሳውም።»

«ንዳት አልኩህ። እስከሄደች ትሂድ። መኪናህ ከአባቴ በለጠብህ?»

ኤልሳዕ እጁ ቁልፉ ላይ ነው። ሶርሳ እንዳለው ቢያደርግ የሚወቅሰው አልነበረም። ሁሉም ነገር ሞተሩን አስነሣ፣ ሽሽ ይለዋል። ከኋላ የአማቱ ትንፋሽ እንደ መጋዝ ይሰማል። ግን የቀረውን ዳገት ያውቀዋል፤ ቀይ መብራት በርቶ የሚወጣ ሞተር ከግማሽ እንደማይዘልቅም ያውቃል። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

«በአባባ ነፍስ ላይ ነው የምፈርደው፣ አውቃለሁ» አለ። «ግን ላየው። ካልሆነ መኪና አስቁም፣ ያገኘኸው ላይ ጫናቸው።»

ሶርሳ በሩን በኃይል ወርውሮ ወጣ። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ሶዶ የሚወጣ ነገር ጠበቀ። የመጣው አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ነበር፤ ሁለት ሰውና አንድ ከረጢት እህል ጭኗል።

ኤልሳዕ ጠጠሩ ላይ ተጋድሞ ከሥር ገባ። የሞተሩ ሆድ እንዳለ በዘይት ታጥቧል። ዘይቱ ከጋለው ብረት ላይ ይንጠባጠባል፣ ይጨሳል። የሚፈሰው ከማፍሰሻው አይደለም። ከፊልትሮው አናት ነው። በእጁ ሲነካው እሳት ነው። ሰገነትን ጨርቅ ጠየቃት፤ የራሷን ሻሽ ፈታ በመስኮቱ ወረወረችለት። ጠቅልሎ ያዘና ጠመዘዘ። ሻሹ በዘይት ርሶ አንሸራተተው። ሻሹን ጣለና በባዶ መዳፉ ያዘው። ቆዳው ሲጮህ ሰማው። አልለቀቀም፤ ጥርሱን ነክሶ ሲያዞረው ፊልትሮው ተፈታና መሬት ወደቀ።

ቀና ብሎ አየ። ፊልትሮው የሚገጥምበት ክብ ብረት ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት ተለጥፏል። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ነው። ሲፈታው አብሮ መውጣት የነበረበት፣ ተጣብቆ የቀረ፤ አዲሱ ከነጎማው በላዩ ላይ ነው የታሰረው። ሁለት ጎማ ተደራርቦ አይይዝም። ቀዝቃዛ ሳለ የያዘ ይመስላል፤ ሞተሩ ሲግልና ዘይቱ ሲገፋ ሾልኮ ይለቃል። ይህን ያውቅ ነበር። በስልኩ ያየው ሰውዬ ከሁሉ አስቀድሞ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ የድሮው ጎማ አብሮ መውጣቱን እዩ። ያላየው እሱ ነው።

ጎማውን በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣው። ከሥር ሲወጣ ሶርሳ በላዩ ላይ ቆሟል።

ኤልሳዕ ጎማውን በመዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋለት። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ ከጠጠሩ መካከል ቢጥለው ማንም አያውቅም።

«የድሮው ነው። ተጣብቆ ቀርቶ ነበር፤ ስቸኩል አላየሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሶርሳ ጎማውን አየ። ከዚያ ጎማው ያለበትን መዳፍ አየ። ቆዳው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። የሶርሳ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። ሊመታው ነው ብሎ ኤልሳዕ ጠበቀ። ሶርሳ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ መንገዱ ሄደ።

አሁን የቀረው ዘይት ነበር። ከቤት ይዞት በመጣው ቆርቆሮ ውስጥ የተረፈውን ኤልሳዕ አየው፤ ከሥሩ ትንሽ አለ፣ ለምንም አይበቃም። የፈሰሰው እቤት ሳፋ ውስጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ አስፋልቱ ላይ ነው። ፊልትሮውን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ ቦታውንም ወለወለ። በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ገጥሞ አሰረው። ሲያስር የተላጠው መዳፉ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ይቀር ነበር።

ከኋላ ሰገነት አባቷን ትጠራለች። «አባባ። አባባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።» የእጃቸው እብጠት ክርናቸውን አልፏል። ቆዳቸው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ሰውየው አልፎ አልፎ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ጦሳ፣ ጦሳ ይላሉ፤ ፈጣሪን ነው።

ከላይ፣ ከሶዶ በኩል፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ወደ ቤሌ የሚወርድ ነበር፤ ስለዚህ በሽተኛ ሊጭንላቸው አይችልም። ሶርሳ ግን ይህን አላሰበም፣ ወይም አስቦ ሌላ ነገር አግኝቷል። መሀል መንገድ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እየበረረ መጣ። ጥሩምባው አስተጋባ። ሰገነት ወንድሟን ስትጠራው ኤልሳዕ ሰማ። ሶርሳ ከቦታው አልተነቃነቀም። አውቶቡሱ ፍሬኑ እያቃሰተ፣ ኋላው እየዋለለ፣ ከፊቱ ቆመ።

ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሶርሳን መስደብ ጀመረ። ሶርሳ አቋረጠው።

«አባቴን እባብ ነድፏቸዋል፣ እዚያ ናቸው። ዘይት አለቀብን። የሞተር ዘይት ካለህ ስጠን።»

ሾፌሩ ወርዶ መጣ። ወንደሰን ይባላል፤ በዚያ መስመር ላይ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። በኮሮላዋ መስኮት ጎንበስ ብሎ አቶ ሻንቆን አየና ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ረዳቱን ጠርቶ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ጀሪካን አስመጣ።

«የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው» አለ ለኤልሳዕ። «ለዚህች አይደለም።»

«ታደርሰናለች?»

«ሶዶ ታደርሳችኋለች። ከዚያ ትቀይረዋለህ። ከየት ነው የሚፈሰው?»

ኤልሳዕ ነገረው። ወንደሰን ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ያውቃል። ጀሪካኑን ራሱ ተቀብሎ ማንቆርቆር ጀመረ፤ የኤልሳዕ እጅ አልታዘዝ ብሎት ነበርና። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች መስኮት ላይ ተደርድረው ያያሉ። አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ይጸልያል። አንዲት ሴት ወርዳ መጣችና ለሰገነት ውኃ ሰጠቻት፤ ሰገነት የጨርቅ ጫፍ አርሳ የአባቷን ከንፈር አራሰች።

ኤልሳዕ ቁልፉን አስገባ። ሞተሩ ተነሣ። ቀይዋ መብራት በርታ ቆየች። ወንደሰን ኮፈኑን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘነበለ። መብራቷ ጠፋች። ሞተሩ ውስጥ ግን ቀድሞ ያልነበረ ቀጭን ቀቀቅ የሚል ድምፅ ገብቷል። ሶርሳ ማንም ሳያዘው አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተኝቶ ከሥር አየ፣ ጣቱንም በፊልትሮው ዙሪያ አዙሮ ዳሰሰ።

«ደረቅ ነው» አለ።

ወንደሰን ኮፈኑን ዘጋና ጣሪያውን በመዳፉ መታ። «ዳገቱ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ፤ አታስጨንቃት። ሂድ።»

የቀረውን መንገድ ኤልሳዕ ያን ቀጭን ድምፅ እያዳመጠ ነዳ። ዓይኑ ከመንገዱ ወደ መብራቷ፣ ከመብራቷ ወደ መንገዱ ይመላለሳል። ሶርሳ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ ጭስ የለም፣ ጭስ የለም ይላል። ሶዶ ሲደርሱ የዳሞታ ተራራ አናቱ በደመና ተሸፍኗል፣ ከተማው ላይ ዝናብ ጀምሯል፤ ባጃጆቹ መንገዱን ሞልተውታል። ሶርሳ የሰገነትን ነጠላ በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ መንገድ ሲያስለቅቅ፣ ኤልሳዕ በመካከላቸው እየተሹለከለከ ሆስፒታሉ በር ደረሰ። ዓመለወርቅ አልጋ አስይዛ ትጠብቃቸው ነበር። አቶ ሻንቆን ተቀብላ ስትሄድ ማንንም አላየችም፤ የሚገፋውን አልጋ ይዛ ብቻ ሮጠች።

ማርከሻው በደም ሥራቸው ገባ። ሐኪሙ ወጥቶ ደማቸው እንደሚገባው እየረጋ አይደለም፣ መዘግየቱ ጎድቷቸዋል፣ ሲነጋ እናያለን አላቸው። መዘግየት የሚለው ቃል ሲነገር ሶርሳና ኤልሳዕ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሶርሳ ተነሥቶ ሌላው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ኤልሳዕ የተቃጠለ መዳፉን አስጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ሰገነት መሀል ላይ ቆማ አንዴ ወደ ባሏ፣ አንዴ ወደ ወንድሟ ካየች በኋላ የትኛውም ጋ ሳትቀመጥ በሩ ላይ ቆማ አደረች።

ሲነጋ ደማቸው መርጋት ጀመረ። ሐኪሙ ይኖራሉ ሲል ሰገነት ሌሊቱን ሙሉ ያልወጣላትን ለቅሶ አለቀሰች። ሌባ ጣታቸው ግን ጠቁሮ ነበርና ከጥቂት ቀን በኋላ ተቆረጠ።

ጠያቂ መምጣት ጀመረ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ የማሳ ጎረቤቶች፣ የኤልሳዕ የሥራ ባልደረቦች። የመጣው ሁሉ ኤልሳዕን ያመሰግናል፤ እግዚአብሔር መኪና ያላቸውን ዘመድ ሰጣቸው ይላል። ኤልሳዕ ምስጋናውን በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሶርሳ ግድግዳው ጋ ቆሞ ጫማውን ያያል። አንድ ቀን ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ከቤሌ እስከዚህ ይህን ያህል ምን አቆያችሁ ብሎ ጠየቀ። ኤልሳዕ ሊናገር አፉን ሲከፍት ተኝተዋል የተባሉት አቶ ሻንቆ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«መኪናዋ ተበላሽታ ሠሯት። መንገድ ላይ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አልተኛሁም ነበር።» ጥቂት አረፉና ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ኤልሳዕ፣ እጅህን አምጣ።»

ኤልሳዕ የተጠቀለለውን መዳፉን ሰጣቸው። ሰውየው ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱት።

«ቸኩሎ ነው» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ባልታወቀ ድምፅ። «እባቡም ቸኩሎ ነው እንጂ እኔን ፈልጎ አልነበረም።»

ሶርሳ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍለት አልነበረም። አባቱ ከሞት ካመለጡ በኋላም እንኳ ኤልሳዕን ሰላም ሲለው ዓይኑን አያየውም። ዳቦ ገዝቶ ሲመጣ ለሁሉም ያከፋፍላል፣ ለኤልሳዕም ይሰጠዋል፤ ግን በሰገነት እጅ ነው የሚልክለት። ኤልሳዕም አላስቸገረውም። በመሀል መኪናዋን ሶዶ ካለ ጋራዥ አስገብቶ ዘይቷን አስቀየረ። መካኒኩ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ጉዳት ደርሶባታል፣ ትሠራለች ግን ዕድሜዋ አጥሯል አለው። ኤልሳዕ ከፍሎ ወጣ።

አቶ ሻንቆ የሚወጡበት ቀን ሲደርስ ሶርሳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተነጋግሮ መጣ። ሚኒባሱ በር ላይ ቆሟል፤ ኮሮላዋም ከጎኑ ቆማለች። አቶ ሻንቆ በዓመለወርቅ ተደግፈው ደረጃውን ወረዱ። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሶርሳ የሚኒባሱን በር ከፍቶ ጠበቃቸው። ኤልሳዕ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ ከሩቅ ቆሞ ነበር። ሶርሳ አባቱን አባባ፣ በሚኒባሱ ይሻላል ሲላቸው ሰማ፤ ልክ ነው ብሎም አሰበ።

ሰውየው ሁለቱን መኪኖች አዩ። ከዓመለወርቅ ክንድ ራሳቸውን አላቀቁና ወደ ኮሮላዋ ሄዱ። የፊቱን በር በግራ እጃቸው ሊከፍቱት ሞከሩ። መክፈቻው ለግራ እጅ አይመችም፤ ሸርተት አለባቸው። ኤልሳዕ ሊረዳቸው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ሰገነትም ቆመች። አቶ ሻንቆ እንደገና ሞከሩ፣ ደግሞ ሞከሩ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በመጨረሻ በሩ ከፈት አለ። በቀስታ ገብተው ተቀመጡ፤ ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት ኤልሳዕን፣ በሩን ሳይዘጉ።

ሶርሳ ከሚኒባሱ ሾፌር ጋር ጥቂት ተነጋገረ፤ ሾፌሩም ተነጫንጮ ሄደ። ሶርሳ መጥቶ የአባቱን በር ዘጋላቸው። ከዚያ ጥቂት ቆሞ አመነታና የኋላውን በር ከፍቶ ከእህቱ አጠገብ ገባ።